አዮና ያልናት ልጅ

ደብረ ብርሃን ዝናብ ባደረ ቁጥር ጠዋት አልጋ ልብሶቼን አውጥቼ አጥር ላይ አሰጣለሁ። ከሁሉም ቀድሞ የሚሸተኝ ያ ባለዳማ ጥለት አረንጓዴ ሻል ነው። እርጥብ ሱፍ ሽታው ሌላ ነው፤ በግ በግ ይላል፣ የድሮ ጭስም አለበት። አፍንጫዬን ስቀብርበት እዚህ መሆኔ ይጠፋኝና አንኮበር፣ እናቴ የታረሰችበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ።

ሻሉ የአንዲት የስኮትላንድ ነርስ ነበር። ጤና ጣቢያ ትሠራ ነበር፤ የምትኖረው ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቤት ተከራይታ ነው። አገሩ በሙሉ ሲስተር ይላታል። አማርኛዋ እየተደናቀፈም ቢሆን ይሄድላት ነበር፤ ሲያቅታት አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ይህን ደግሞ ዛሬም ለማንም አልደብቅም።

ታናሽ እህቴ ስትወለድ ቤታችን ደስታውን እንኳ በሹክሹክታ ነው ያደረገው። ከእሷ በፊት እናቴ ሁለት ሴት ልጆች ቀብራለች። ለሁለቱም ገና እንደተወለዱ የሚያማምር ስም አውጥታላቸው ነበር፤ ሁለቱም ለክርስትና ሳይበቁ ሄዱ። ይቺ ሦስተኛዋ ደግሞ ጭብጥ ነው የምታክለው። አባቴ ቄስ ነው፤ የክርስትና ስሟ በሰማንያ ቀኗ ይወጣላታል፣ የቤቱን ስም እናቷ ታውቃለች ብሎ ነገሩን ተወው። እናቴ ግን ስም የሚባል ነገር አልሰማም አለች። እኛም “እሷ ጠባች?”፣ “እሷ ተኛች?” እያልን ከረምን።

ሲስተር ይህ ነገር አልዋጥላት አለ። ከሥራ ስትመለስ ትገባና ሕፃኗን በዚያ ሻል ጠቅልላ እያቀፈች፣ በየቀኑ አንድ የአገሯን የሴት ልጅ ስም ከነትርጉሙ ታመጣለች። ፊዮና ነጭ ማለት ነው አለች አንድ ቀን። እናቴ የልጇን ጠይም ፊት አየችና፣ ዓይናቸውን ያማቸዋል እንዴ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ይህን አላስተረጎምኩም። ካትሪና ንፁሕ ማለት ነው ስትላት ደግሞ፣ የትኛው ሕፃን ነው ቆሻሻ ብላ መለሰችላት።

እኔ እናቴ ስም የምታማርጥ መስሎኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶት ሳለ፣ ለአባቴ ስትነግረው ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማኋት።

“ሁለቱን ሞት በስማቸው ጠርቶ ወሰዳቸው” አለችው። “ይቺን ማን ብሎ ይጠራታል? ስም የላት።”

ያኔ ነው የገባኝ። ስታጠባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር የነበረው እንዳትለምዳት ነው። ሕፃኗም የሚያያት አጥታ ይሁን አላውቅም፣ መጥባቱን እየተወች ነበር። ሲስተር ለአባቴ፣ የሰጠኋት ሽሮፕ ብቻ አይበቃም፣ እናቷ ትቀፋት፣ ታናግራት ብላው ነበር። ዘው ብዬ ገባሁ።

“እማዬ፣ ሞት የፈረንጅ ስም አያውቅም!”

አባቴ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ። እኔ ግን አልቆምኩም፤ አንኮበር ውስጥ ማንም የሌላት ስም ከሆነ በምን ያገኛታል ብዬ ቀጠልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እስቲ ሲስተር ትምጣ አለች።

ሲስተር እንደመጣች ማሪ የሚለውን አቀረበች፤ ማርያም ማለት ነው። እናቴ፣ ማርያምንማ የማያውቃት ማን አለ ብላ መለሰችው። ሲስተር ቀጥላ አዮና አለች። ትርጉሙን ስጠይቃት፣ የአንዲት ደሴት ስም ነው፣ ጥንታዊ ገዳም አለባት አለችኝ። እናቴ ደሴት አይታ አታውቅም። አባቴ ግን በተማሪነቱ በውኃ የተከበበ ገዳም ተሳልሞ ነበርና ነገራት፤ ዙሪያውን ማዕበሉ ሲመታው ያድራል፣ ውስጥ ደግሞ ጸሎቱ አይቋረጥም አላት።

“ውኃው አይወስዳትም?” አለች እናቴ።

“አይወስዳትም” አለች ሲስተር፣ እኔን ሳትጠብቅ፣ በአማርኛ።

እናቴ ልጇን ከነሻሉ ተቀበለቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብላ አየቻትና “አዮና” አለቻት። ከዚያ ወዲያ ወደ ግድግዳው አልዞረችም።

ያዳናት የሲስተር ሽሮፕ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ሲስተር ሻሉን ትታልን ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ወሬዋንም ዳግመኛ አልሰማን። እህቴ ግን ይኸው እዚሁ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። ስምሽ ምን ማለት ነው ሲሏት፣ ደሴት ብላ ታልፋለች፤ ተማሪዎቿን ደግሞ ቀጥ አድርጋ ነው የምትይዘው።

እናታችን ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ እኔ ቤት ተኝታ ነበር። ሻሉን እግሯ ላይ ጣል አድርገንላታል። እህቴን ቅረቢ አለቻትና እጇን ያዘቻት።

“ያኔም ስም ይዤልሽ ነበር እኮ። ቆየች ልልሽ ነበር። ሳትቆዪ ቆየች ማለቱን ፈራሁ።”

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስንቱን ዘመን የተኩራራሁት ሴትዮ ወደ ግርጌው ፈቀቅ አልኩ። እናቴ ከእህቴ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ፀጉሯን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደሚጠራ ሰው፣ ጠራቻት።

“ቆየች።”

“አቤት፣ እማዬ” አለች እህቴ።