በሻንጣዬ ያልገባው ብርዝ

ልጄ የአውሮፕላን ትኬቴን በስልክ የላከልኝ ዕለት፣ ከትኬቱ ጋር የተያያዘውን የመንገደኞች መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁ። አብዛኛው ሰው የሚያነበው የመነሻውን ሰዓት ብቻ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ እኔ ግን ሳላነበው ያመንሁት ወረቀት የለም። ስለ መጠጥ የተጻፈው ግልጽ ነበር። ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ ፈሳሽ ይዞ ወደ አውሮፕላኑ መግባት አይቻልም፤ ዕቃው እስከ ግማሽ ድረስ ባዶ ቢሆን እንኳ የሚታየው የዕቃው መጠን ነው። ከዚያ የበለጠው ተመዝኖ በሚሰጠው ትልቅ ሻንጣ ይሄዳል። የአልኮል መጠጥ ግን እኔ ወደምሄድበት የዐረብ አገር በየትኛውም ሻንጣ አይገባም። ከሁሉ በታች አንድ ጥያቄ ሰፍሯል፤ ከሌላ ሰው የተቀበሉት ዕቃ አለ?

ይህ ጥያቄ የሸዋ ሮቢትን ሰው አስቦ የተጻፈ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ባሕር ሊሻገር ነው ከተባለ ሻንጣው የሰፈሩ ነው። በአደራ የተሰጠን ዕቃ ፈትቶ ማየት ደግሞ ነውር ነው፤ ሰጪውን ወንጀለኛ ማለት ይሆናል። በዚህ ይሉኝታ ምክንያት ያላሰረውን ጥቅል ተሸክሞ በሰው አገር ወኅኒ ስለ ገባ መንገደኛ ሲወራ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የጉዞዬን ነገር ለማንም አልተነፈስሁም። ወሬው ግን ከወዲያ ማዶ ዞሮ ደረሰ። ልጄ እዚያው ለምትኖረው የጎረቤቶቼ ልጅ ነገራት፤ እሷም ለእናቷ።

እናቲቱ ሰኞ ጧት በሬን አንኳኳች። ባሏ ሐጂ፣ እዚሁ ቀወት ወረዳ ውስጥ ማሽላ ያርሳል፤ ንብም ያነባል። ሴት ልጃቸው አግብታ የምትኖረው የእኔ ልጅ ካለበት ከተማ ነው። ነፍሰ ጡር ናት። እርግዝናዋ ከገፋ ወዲህም የቀመሰችው ሁሉ አይረጋላትም፤ ሐኪሟ ያገኘሽውን ፈሳሽ ጠጪ ቢላትም ውሃውን ራሱ ትመልሰዋለች። አንድ ነገር ብቻ አምሯታል፤ የእናቷ ብርዝ።

ጎረቤቴ ከነጠላዋ ሥር አንድ ትልቅ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። አፉ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል።

«ጋሼ፣ አላህ ነው አንቱን ያስነሣልኝ። ይችን ብቻ ያድርሱልኝ» አለችኝ።

«ማሩን ብቻ ለምን አትልኪላትም? ውሃ እዚያም አለ።»

«የዚያ አገር ውሃ የባሕር ነው አሉ፤ ጨውን አውጥተውለት። ልጄን ያማራት እኔ የበረዝሁት ነው። ደግሞ አደራ፣ ክዳኑን እንዳይነኩብኝ፤ ራሷ ቢስሚላሂ ብላ ትክፈተው።»

የማይነካ ክዳን! ጠርሙሱን ተቀብዬ በጣቴ ጫን አልሁት። በጤናው ቢሆን ጣት የሚያሰረጉደው ፕላስቲክ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«መቼ ነው የበረዝሽው?»

«ሊሄዱ ነው የተባለ ጊዜ ነዋ። በዚህ ሙቀት ቀን ማን ይቆጥራል?»

በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ። በሮቢት ሙቀት ታሽጎ የሰነበተ የማር ውሃ፣ ጌሾ ባይገባበትም፣ አርፎ እንደማይቀመጥ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ የሚያሰክር ነገር በደጃፏ አሳልፋ የማታውቅን ሴት «ጠጅ ጥለሻል» ማለት ቀላል አይደለም። ደግሞም ጠርሙሱን ያጠጠረው ሌላ የማላውቀው ነገር አለመሆኑን በምን ላረጋግጥ? ስለዚህ የአገሩን ወግ ከለላ አደረግሁ። የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳ ይህን ቢጠብቅ ነውር አይሆንበትም።

«እንግዲያው ክፈችና፣ ቀምሰሽ አቅምሽኝ» አልኋት።

«ጾም ነኝ።»

«ረመዳን ገና አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ሰኞ አይደል? ይኸን ሁሉ ዓመት ተጎራብተን ሰኞና ሐሙስ መጾሜን አያውቁም? ያ ሁሉ መጽሐፍ ይኸን አልነገረዎትም?»

መልሱ ልክ ነበር፤ የሚጠረጠር ሰው የሚሰጠውም እንዲህ ያለ ልክ መልስ ነው። ሳልቀምሰው እንደማልይዘው ነገርኋት። ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀች።

«ያልተማረ ጎረቤት በኖረኝ!» ብላኝ ወጣች።

ከቀትር በኋላ ሐጂ ራሱ መጣ።

«ጋሼ፣ ሚስቴን ምን አሏት? ዕድሜ ልኬን ስታበላኝ ኖራ ይኸው አልሞትሁም።»

«ሐጂ፣ እኔ ሞት አይደለም የፈራሁት። አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠይቁኝ የያዝሁትን ዐውቃለሁ ማለት አለብኝ፤ ያልቀመስሁትን ዐውቃለሁ አልልም። ጀንበር ስትጠልቅ፣ በመግሪብ እመጣለሁ። እሷ በዚያው ብርዝ ታፍጥር፤ እኔም ከእጇ ልቅመስ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ይሁን። ግን ጥርጣሬዎን ከጫማዎ ጋር ደጅ ይተውልኝ» አለ።

ጫማዬን ብቻ ተውሁ። አዛኑ ሲሰማ ጎረቤቴ በአንዲት ተምር አፈጠረች። ከዚያም ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ፕላስተሩን በቢላዋ ቆረጠችና ክዳኑን ጠመዘዘች። ጠርሙሱ አፏጨ። አረፋው ወደ ላይ ተፈናጥሮ የሐጂን ሸሚዝ ከአንገት እስከ እምብርቱ አጠበው። ከተረፈው በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ወደ አፏ አስጠጋችና ከከንፈሯ ሳይደርስ ቆመች። አሸተተችው።

«ሐጂ… ይኼ እኮ ሸተተ።»

ሐጂ ሸሚዙን ወደ አፍንጫው ሳበ።

«አስተግፊሩላህ! ይኼማ ጠጅ ነው።»

«ለነፍሰ ጡር ልጄ ይኼን ልልክላት ነበር?» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ሐጂ ግን ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጣርማ በርን ሲወጣ ከተሳፋሪው ፊት ባይፈነዳ፣ ጋሼን እዚያ አገር ጠጅ ነጋዴ ብለው ያስሩልን ነበር!»

እሷ አልሳቀችም። «ያውቁ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ታምኝኝ ነበር?»

«አላምንም። ዳግመኛም ቤቴን አያዩትም ነበር።» ተነሥታ ጠርሙሱን ከጓሮ ደፋችው።

ልጅቷ ግን አሁንም የሚረጋላት ነገር እየጠበቀች ነው። ማሩ ብቻ በትልቁ ሻንጣ እንዲሄድ፣ እናቲቱም በስልክ እየመራች ልጅቷ እዚያው እንድትበርዘው ተስማማን። ማር ራሱ በመመሪያው እንደ ፈሳሽ እንደሚቆጠር ሳስረዳቸው ሐጂ፣ «ይኼ የእኔ ማር በማንኪያ ተጎትቶ የማይወጣው?» ብሎ ተቆጣ። ማሩ ሲሞላ ቆሜ አየሁ፤ እንጨት አስመጥቼም እስከ ታች አማሰልሁት።

«ይቆፍሩት እንጂ!» አለች ጎረቤቴ። «ወርቅ ካገኙ እኩል እንካፈላለን።»

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያ ጥያቄ ቀረበልኝ። «አዎን፤ ማር ነው፤ ሲሞላም ሲታሸግም አይቻለሁ» አልሁ። ጠያቂው ቀና ብሎ አየኝና አሳለፈኝ። እዚያ ስደርስ ልጄን ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ልጅቷ ቤት እንዲወስደኝ አደረግሁ። ፊቷ ገርጥቷል፤ የእጅ አምባሯ እስከ ክንዷ ይንሸራተታል። የታሸገውን ውሃ ቀኑን አይቼ ሰጠኋት። እናቷ በስልኩ ውስጥ ሆና ታዝዛለች፤ «ቀጠን አድርጊው! አሁንም ቀጠን!» ልጅቷ ቀመሰችና ፊቷን አዞረች።

«እማ፣ ይኼ ያንቺ አይደለም።»

«ማሩ የአባትሽ ነው፤ እጁ ያንቺ ነው፤ ጠጪ!»

ጠጣችው። ባሏ ብትመልሰው ብሎ ሳህን ይዞ ከጎኗ ቆመ።  ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ብርጭቆውን ዳግመኛ ዘረጋች። ከስልኩ ውስጥ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጄም እጄን ያዝ አድርጎ፣ «አባባ፣ ተሳካ እኮ፤ እንሂድና ይረፉ» አለኝ።

«ቆይ» አልሁት። ሁለተኛውም መርጋቱን እስካይ ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም።