በተልባ የተቆለፈ በር

በደርግ ጊዜ ደባርቅ አስተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የዐቢይ ጾም ማለዳ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ በገዛ እጄ ተቆልፎብኝ ነበር። ባለቤቴ ዛሬም ታሪኩን ሰው ፊት እያነሳች ትስቅብኛለች። ተልባ በቀረበ ቁጥር «ለእሱ አታቅርቡለት፣ በር ይዘጋበታል» ትላለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸው አንዲት እናት ትዝ ሲሉኝ ሳቄ ይጠፋል።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነግሯት «አንተ ሳትመጣ አልገባም» ብላ ልካብኛለች። መንገዱ አስጊ ስለነበር መኪና የሚሄደው በወታደር ታጅቦ፣ በኮንቮይ ነው። አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም። እንደ ምንም ብዬ ለማግስቱ ጠዋት ይለፍ አገኘሁ። አንድ ሾፌር ወዳጄም ቦታ ያዘልኝ።

የቀረኝ የበሩ ነገር ነበር። የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ብረት ከመቃኑ ተነቅሎ ወድቋል። እንጨቱ በስብሶ ምስማር አልይዝ ብሏል። ቤቱን ክፍት ትቼ አልሄድ ነገር ጨነቀኝ። ሾፌሩ ከአስመራ ያመጣውን ኢፖክሲ ሰጠኝ። በሁለት ቱቦ የሚመጣ ማጣበቂያ ነው፤ ከሁለቱም እኩል ተደባልቆ ሲያድር ድንጋይ ይሆናል። «አደራህን፣ የሚንቀሳቀሰውን ብረት ቅባት ቀባው። አለዚያ አብሮ ይይዘዋል» አለኝ።

ቅባት ከየት ይምጣ? ጾም ነው፤ ቅቤ እንኳን እኔ ቤት ጎረቤትም አይነካም። የቀበሌው ሱቅ ዘይት ካየ ሰንብቷል። ዓይኔ ለራት ከበጠበጥኩት ተልባ ላይ አረፈ። በጾም እንጀራችንን የምናርስበት እሱ አይደል? ደግሞ ሲያሟልጭ! የቁልፉን ምላስ በተልባ ደህና አድርጌ ለቀለቅሁት። ብረቱን በኢፖክሲ መቃኑ ላይ ለጠፍኩና ቦታውን እንዳይስት ብዬ በሩን ዘግቼ ቆለፍኩት። በሥራዬ ረክቼ ተኛሁ።

ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ንቅንቅ የለም። ተልባው ደርቆ ራሱ ሙጫ ሆኗል፤ ኢፖክሲውም ገብቶበት ምላሱንና ብረቱን አንድ አድርጓቸዋል። ስታገል ቁልፉ እጄ ላይ ተሰበረ። በሩ ወፍራም የጥድ ሳንቃ ነው። መስኮቷ ጠባብ ናት፣ ያውም ብረት ያላት። በትከሻዬ ገፋሁ፣ በእግሬ ረገጥኩ፣ ወይ ፍንክች። ከአደባባዩ የመኪኖቹ ሞተር ሲነሳ ይሰማኛል። ባለቤቴ በሩን በሩን እያየች እንደምትጠብቀኝ ሳስብ ወደ መስኮቷ ሮጥኩ።

«የሰው ያለህ! ተቆልፎብኛል፣ ክፈቱልኝ!» እያልኩ በመስኮቱ ጮህኩ። ሰውማ ነበር። ጎረቤቴ ብቅ አለ፣ ግራ ቀኙን አየና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ አለፈ። ውኃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴትም አንገቷን ደፍታ እርምጃዋን አፈጠነች። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማታ ጠመንጃ የያዙ የቀበሌ ጠባቂዎች ስለ ጉዞዬ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። መንደሩ እነሱን አይቷል። አሁን ደግሞ ተቆልፎብኝ ስጮህ ይሰማል። በዚያ ዘመን እንዲህ ወዳለ በር ማን ይጠጋል?

በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ገበያተኛ ከመስኮቱ ሥር ቆሙ። በዋዜማው ገበያ የገዙትን አዲስ ዶማ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መልሰው ደግሞ «ተወው፣ አትንገረኝ። ቢጠይቁኝ አላውቅም እንድል» አሉ።

«እማማ፣ ማንም አላሰረኝም! ማጣበቂያ ነው። ቁልፉን ያጣበቅሁት እኔው ነኝ!»

«እሺ ልጄ፣ እንደዚያው በላቸው» ብለው ዶማውን ከትከሻቸው አወረዱ። «እኔ የጃናሞራ ሰው ነኝ። እዚህ የሚያውቀኝ የለም።»

ከመስኮቱ ጎን የግድግዳውን ጭቃ ይንዱት ጀመር። መንገዱን አየት ያደርጉና እንደገና ይቆፍራሉ። ስለ ተልባው ላስረዳቸው ስሞክር «ዝም በል!» ብለው ተቆጡኝ። ግድግዳው ሲበሳ ዶማውን አቀበሉኝ። ከውስጥ ሆኜ ማገሩን ሰባበርኩና በደረቴ እየተሳብኩ ወጣሁ።

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ገፉኝ። «ሂድ! አብረን እንዳንታይ። የእኔም ልጅ በወሰዱት ቀን ሲጮህ የሰማው ሰው ነበረ ይሆናል» አሉና ዶማቸውን ይዘው በጓሮ በኩል ሄዱ።

አቧራዬን ሳላራግፍ ሮጥኩ። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር፤ ሾፌሩ አይቶኝ በሩን ከፈተልኝ። ዳባትን እስክናልፍ ትንፋሼ አልተመለሰም። ባለቤቴ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ድረስ እጄን ይዛ ሄዳ ገባች፤ ተመስገን፣ በሰላም ወጣች።

ጎረቤቴን አልተቀየምኩትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ጋቢዬን ስቤ አልፍ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ከተመለስኩ በኋላ በየገበያው ቀን ከጃናሞራ የሚመጡትን እናቶች ፊት ፊታቸውን እያየሁ ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም። የሚቆረቁረኝ አለማመስገኔ ይመስለኝ ነበር። ሳረጅ ግን ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እሳቸው የሚያውቁት የመንግሥት እስረኛ ማስመለጣቸውን ነው። ባዕድ ሰው ወደ ደጃቸው ብቅ ባለ ቁጥር «መጡብኝ» እያሉ ኖረው ይሆናል። ማጣበቂያ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር እኮ። አላመኑኝም።