የሚስማር መጠቅለያው ጋዜጣ

ዛሬም በአንድ ብረታ ብረት መሸጫ በር ሳልፍ፣ ዘይት የተቀባ ሚስማርና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ድንገት ይመጣብኝና መካነ ሰላም ገበያ ዳር በነበረው የአባቴ ሱቅ ውስጥ መልሶ ያቆመኛል። አባቴ ሚስማር፣ ቁልፍ፣ ማጭድና ማረሻ ይሸጥ ነበር። መጠቅለያው ከደሴ በኪሎ የሚያስመጣው አሮጌ ጋዜጣ ነበር፤ በእኛ ከተማ የጋዜጣ ታሪክ የሚባል ነገር ካለ የሚጀምረው ከዚያ የሚስማር ጥቅል ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ገበሬው ወደ ገበያ ይጎርፍ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል የደረስኩት እኔም ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ፣ ከመጠቅለያው አንዱን መዝዤ አነብላቸው ነበር። ቀኑን የሚጠይቅ አልነበረም፤ የታተመ ሁሉ ትናንት የሆነ ይመስላቸው ነበር። አባቴም አያርማቸውም፤ ወሬው ደንበኛ ያመጣለታላ!

ዝናቡ ሁለት ክረምት ተከታትሎ የቀረ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ የቆየ ደንበኛችን አያ ሰይድ ከአባይ በኩል ካለው ቆላ ማረሻቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸው አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር።

«በላይ ወንድሜ፣ ይችን ግዛኝ። ልጆቹ መራመድ ሳያቅታቸው ስንቅ ይዤ ደሴ ላድርሳቸው፤ እዚያ ገንፎ ያበላሉ አሉ።»

በእኛ አገር የብረት ነጋዴ ከገበሬ እጅ ማረሻ መልሶ አይገዛም ነበር፤ ማረሻውን የሸጠ ገበሬ ዳግም አያርስም ይባላል፣ የገዛውም ይወቀሳል። አባቴ ለዚህ ሥርዓት ሟች ነበር።

«አብሽሩ አያ ሰይድ! ማረሻ ተሽጦ ለከርሞ በምን ሊታረስ ነው?» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ያችን የእህሏን ወሬ አንብቢላቸው» አለኝ።

ለወሎ ወረዳዎች እህል ተጭኖ መነሣቱን የሚናገር ጋዜጣ ነበር። ከላይ ቀኑን አየሁት፤ ሦስት ዓመት አልፎታል። ቀና ብዬ አባቴን ሳየው በዐይኑ ቀጥዪ አለኝ፤ ቀጠልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አያ ሰይድ። «እንግዲያ ቤቴ ሆኜ ልጠብቅ።» ለቤተሰባቸው እንዲያሳዩት ጋዜጣውን ለምነው፣ ማረሻቸውን ጠቅልለውበት ቁልቁል ወረዱ። አባቴ አንድ ቁና ባቄላ አሸክሟቸው ነበርና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ፤ ደግ የሠራ መስሎታል።

በጋው አጋማሽ ላይ ሚስታቸው ዘሃራ ብቻዋን መጣች። በዚያው ጋዜጣ የተጠቀለለውን ማረሻ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «ጋሽ በላይ፣ እህሉ አልመጣም» አለች። «ሰይድ መንገድ መንገድ ሲያይ አለፈ። ልጆቹም ተከተሉት። አሁንስ ይገዙኛል?» አባቴ ገንዘብ አውጥቶ ማረሻውን መልሳ እንድትወስድ ለመናት። «ለማን?» አለችው። ትታው ሄደች። አባቴ ማረሻውን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ በኋላ እንዳነብ አዝዞኝ አያውቅም።

በተከታዩ ክረምት አብዮቱ መጣ። የወሎን ረሃብ በፎቶግራፍ ያወጣ ትኩስ ጋዜጣ ከተማችን ደረሰ፤ የሞቱትን ግን ማን ያንብብላቸው? ቆይቶም አንድ ካድሬ ሱቃችንን ሲፈትሽ፣ የታረሰበት መሆኑን አይቶ ማረሻውን ከግድግዳው አወረደና፣ ስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ «ይህ አድኃሪ ከተራበ ገበሬ እጅ ማረሻ የገዛ ነው!» አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ተነሥቼ «አልገዛም ብሎ ነው የመለሳቸው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን «ምን ብሎ መለሳቸው?» ብለው ቢጠይቁኝስ? ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ቀረሁ። ሱቁ ታሸገ፤ አባቴ ሦስት ወር ታስሮ ከወጣ በኋላ፣ አያ ሰይድ የመጡበትን ቀን በአፉ ሳያነሣ ኖሮ ሞተ። አንዳንዴ እናደድበታለሁ፤ የጋዜጣውን ቀን ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ዛሬ መካነ ሰላም የሆነው ነገር በዚያው ሰዓት በስልክ ይደርሰኛል፤ የዘንድሮ ሰው ታድሏል እላለሁ። ልጆቼ ዜና ሲያነቡልኝ ግን ገና ሳይጀምሩ «ቀኑ ስንት ነው?» እላቸዋለሁ። «እማዬ ጃጀች» ብለው ይስቃሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ የአያ ሰይድን ነገር እስካሁን አልነገርኳቸውም።