የተንቀጠቀጠው ሂላ

ፈሪ ነኝ። ይህን ሳልናገር ብጀምር በሱዳን ጠረፍ ባለችው ኮኪት ያስተማርኳቸው ልጆች ይስቁብኛል። ትራክተር ሲያጓራ የምበረግግ፣ ከሸሕዲ ስመለስ ሚኒባሱ ፍጥነት ከቀነሰ ዳዊት መድገም የምጀምር ሴት ነኝ። ያን ሰሞን ደግሞ ታጣቂዎች ሰው ከመኪና እያወረዱ ይወስዱ ስለነበር ሁሉም እንደኔ ሆኖ ሰነበተ።

የማስተምረው አማርኛ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ልጆቹ በማንበብ አይታሙም፤ ሁለት ነገር አወዳድራችሁ ተናገሩ ሲባሉ ግን ጥሩ ነው ብለው ቁጭ ይላሉ። መላ ሳጣ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ ወረቀቱን ገጣጠምኩና ከመስኮታችን ማዶ ያለውን የሰሊጥ እርሻ በከሰልና በባለቀለም ጠመኔ አብረው እንዲስሉት ሰጠኋቸው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ አናቱን ወደ ላይ አድርጎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ሂላ የምንለው እሱን ነው። እስኪራገፍ ድረስ ማንም አይነካውም፤ ከተነካ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። እዚህ ልጅ እግር ሲተክል በመጀመሪያ የሚቆጡት ሂላ አትንካ ብለው ነው።

በማግስቱ ሥዕሉን መስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩና ከእርሻው ጋር አስተያዩት አልኩ። ምኑ ይመሳሰላል? በምን ይለያያል? አንዱ የሥዕሉ ሰማይ ከውጭው ይጠቁራል አለ፤ ከሰሉ በዝቶበት ነው። ሌላዋ የእኛ ዛፍ ከእውነተኛው ያምራል ብላ አሳቀችን። ተናገሩልኝ ብዬ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ በዚያው ዓመት ከወላጆቿ ጋር ከሱዳን የተመለሰችው ልጅ እጇን አወጣች። አማርኛዋ ገና ነው፤ ሲጎድላት በዓረብኛ ትሞላዋለች፣ ልጆቹም ይስቁባታል፤ ስለዚህ ዝም ማለት ለምዳ ነበር። ያን ቀን ግን ተነስታ፣ ዳር ላይ ያለው ሂላ ሥዕሉ ላይ ካለው ይወፍራል አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሂላ እራት በልቶ ያድራል እንዴ አሏት። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ።

እውነቷን ነው። ሂላው ሆዱ ተነፍቷል፤ ሥሩ የረገፈ ሰሊጥ ፈሷል። ከነዶዎቹ መሀል የላስቲክ ጫማ ብቅ ብሏል፤ ጫማው ውስጥ እግር አለ።

ቀልቤ ተገፈፈ። ታጣቂዎቹ ልጆቹን ሊወስዱ አድፍጠው ነው አልኩ በልቤ፤ ሌላ ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም። ብጮህ ልጆቹ በመስኮቱ ዘለው ወደዚያው ይበተናሉ። አሁን ደግሞ በጓሮ በኩል ወጥተን እዚያ ያለውን የኒም ዛፍ ከሳላችሁት ዛፍ ጋር እናወዳድራለን አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ላብ እያጠመቀኝ ቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነዳኋቸው። እሱም ነገሩን እንደሰማ ልጆቹን አስገብቶ ቆለፈና ለቀበሌው ጠባቂዎች ደወለ።

ያቺ ልጅ የለችም። ወደ ክፍል ስመለስ መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ውጭ ውጩን ታያለች። ክንዷን ይዤ ብጎትታት ንቅንቅ አልል አለች።

«ላ፣ ቲቸር» አለችኝ፤ እምቢ ማለቷ ነው። «እነዚያ ዝም ብለው ቆመዋል። ያ ግን ይንቀጠቀጣል።»

ነፋስ አልነበረም። ሌሎቹ ሂላዎች ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ ያ ብቻ ከአናቱ እስከ ሥሩ ይርገፈገፋል። አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ።

ጠባቂዎቹ ግን ደርሰው ነበር። ጠመንጃ አቀባብለው ሂላውን ከበቡት፤ አንዱ ተንበርክኮ አነጣጠረ። እንኳን ጥይት ጅራፍ ሲጮህ የምደበቀው እኔ በምን ጉልበቴ መስኮቱን እንደዘለልኩ እስካሁን አላውቅም።

«አትተኩሱ! ፈርቶ ነው!»

እየሮጥኩ አለቅስ ነበር። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ንፍጤም እንደዚያው። አነጣጥሮ የነበረው ጠባቂ ጣቱን ከቃታው ሳያነሳ ውጣ ብሎ አምባረቀ። ከነዶው ውስጥ በጎጃም አነጋገር የወጣት ድምፅ ተሰማ። አጨዳ ፍለጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ታጣቂዎች ጓደኞቹን ከመንገድ ሲወስዱ እሱ አምልጦ እዚያ መግባቱን ኋላ ነገረን። በዚያች ሰዓት ግን የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«እነዚያም ጠመንጃ ይዘው ውጣ ነው ያሉን። እናንተ ከእነሱ በምን ትለያላችሁ?»

የጠባቂዎቹም የታጣቂዎቹም ልብስ ያው፣ ጠመንጃቸው ያው፤ አገሩን የማያውቅ ሰው በምን ይለያቸው? ቀኑን ሙሉ ልጆቼን የምጠይቀው ጥያቄ ወደ እኔው ተመለሰ። ሂላው ንቅጥቅጡ ባሰበት። ጠባቂው ትዕግሥቱ አለቀና ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ።

ልጅቷ ለካ ተከትላኝ ኖሯል፤ ቀሚሴን ይዛ ከጎኔ ቆማለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች መለሰችለት።

«እኛ ጋ ቲቸር አለች። ለአንተ እያለቀሰች ነው።»

ከነዶዎቹ መሀል መጀመሪያ ሁለት ባዶ እጆች ወጡ።