ለጋሽ ኃይለመስቀል የሚነገረው ባሕር

መጀመሪያ ያየሁት ከንፈራቸውን ነው። ማንኪራ ጫካ ውስጥ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ባልዲ አንጠልጥለው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው እንዴት ዋልሽ አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ ከንፈራቸው ካቆመበት ቀጠለ። ጸሎት ላይ ያሉ መስሎኝ መንገድ ለቀቅኩላቸው።

እትዬ ወሰንየለሽ ይባላሉ። የማንኪራ ሴቶች የማር ማኅበር አባል ናቸው። እንደ ሳጥን የተሠሩት ቀፎዎቻቸው ከቤታቸው ወረድ ብሎ ጫካው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። እኔ ቦንጋ በአስተማሪነት ተመድቤ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሽበት ያወጣ ይመስል ግራጫ ክር የመሰለ ተክል የተንጠለጠለበት ዛፍ፣ ከዛፍ ትከሻ ላይ የበቀለ ሌላ ዛፍ ሳይ አሁንም ቆሜ እቀራለሁ። እሳቸው ይስቁብኛል። ሳቃቸውን ስለለመድኩት አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ መንገድ ላይ የሚጸልዩት የትኛውን ጸሎት ነው?»

«ጸሎት በሆነልኝ» አሉ። «ለሰውዬው የምነግረውን እየያዝኩ ነው። በአፌ ካላልኩት ቤት ሳልደርስ ይበተንብኛል።»

ሰውዬው ባለቤታቸው ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። በጉልበታቸው ዘመን ረጅም ዛፍ ላይ በገመድ እየወጡ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ በአካባቢው ስማቸው የሚነሣ ማር ቆራጭ ነበሩ። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ከዳቸው። ወድቀው የተሰበረው ዳሌያቸው ዳግም እንደ ፊቱ አልሆነም። አሁን በምርኩዝ ከአልጋ እስከ በራፍ ነው መንገዳቸው። ጫካው ከቤቱ ጀርባ ይጀምራል፤ እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልገቡበትም። ስለዚህ እትዬ ወሰንየለሽ ማታ ማታ ጫካውን ይነግሯቸዋል። የትኛው ዛፍ እንዳበበ፣ ንቡ የት እንዳረፈ፣ ከርከሮ የማንን ማሳ እንደቆፈረ።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ያልታየ አይጨመርም።

«አንዴ ጨመርኩ» አሉኝ እትዬ ወሰንየለሽ። «ከፍቶት ነበርና ደስ ይበለው ብዬ ጉሬዛ አየሁ አልኩት። ፊቱን ወደ የት አዙሮ ነበር አለኝ። ወደ ወንዙ አልኩ። ውሸቴን አወቀና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱም አላናገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን ከአፌ አላወጣም።»

በዚህ መሀል የዛንዚባር ንብ አርቢ ሴቶች ማኅበሩን ጋበዙ። ማኅበሩ እትዬ ወሰንየለሽን መረጠ፤ እኔን ደግሞ እንግሊዝኛ ስለማውቅ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ። የመሄጃችን ዋዜማ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል በራፉ ላይ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው የሚሰቅለውን ቀፎ ይሠሩ ነበር። ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ሲሆኑ በካፊኖኖ ነው የሚያወሩት፤ ያን ቀን ለእኔ ሲሉ በአማርኛ አደረጉት።

«የባሕሩን ላዩንማ ቴሌቪዥን ላይ አይቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ። «ውኃ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ውኃ ነው። ውስጡን አምጪልኝ።»

«ውስጡንማ ዓሣው ይንገርህ።»

«መነጽር አድርገው ፊታቸውን ነክረው ያዩታል ብላለች ይቺ ልጅ።»

እትዬ ወሰንየለሽ በጎን አዩኝ። «ይቺ ልጅ ያልነገረችህ ምን አለ?»

«ፈራሁ በያ። ጎጀብን እንኳ በድልድይ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትሻገሪው።»

«ታዲያ ምን አጎደልኩ? ተሻግሬ የለ?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ስቀው ስቀው ሲያበቁ ቢላዋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ካልቻልሽ አልቻልኩም በይኝ፤ እሱንም እሰማለሁ» አሉ። «ግን የዚህን ጫካ ዛፍ ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ። ስትነግሪኝ ከማስታውሰው ጋር እያስተያየሁ ነው የምሰማሽ። ለአንድ ማታ እንኳ የማላውቀውን ንገሪኝ።»

እትዬ ወሰንየለሽ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጓዳ ገቡ። በአውሮፕላኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ደመና ከእግራቸው በታች ሲያልፍም፣ ዛንዚባር ደርሰን የሰዎቹን ቀፎ እየዞርን ስናይም ከንፈራቸው ሥራ አልፈታም።

በመጨረሻው ቀን ጋባዦቻችን ከአንድ አስጎብኚ ጋር በጀልባ ላኩን። አስጎብኚው ሐሚሲ ይባላል፤ በባዶ እግሩ የጀልባ ጠርዝ ላይ እንደ አስፋልት የሚራመድ ወጣት ነው። እትዬ ወሰንየለሽን ገና ሲያያቸው «ማማ» አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልጠራቸውም። የውኃውን ቀለም ስም አጣሁለት። ሰማያዊ ብዬው አረንጓዴ ይሆንብኛል፤ አረንጓዴ ስለው ደግሞ የጀልባችን ጥላ ነጭ አሸዋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ሙዝ፣ ሐብሐብና ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ቀርቦ ነበር። እትዬ ወሰንየለሽ አልነኩም። ጫማቸውን አውልቀው ከመቀመጫው ሥር አስገቡ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ፣ ረጅም ቀሚሳቸው ላይ በውኃ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ደረቡ። ሙዝ ሳቀርብላቸው «በኋላ» አሉኝ። በሰው ፊት መብላት አፍረው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጀልባዋ ስትቆም ሐሚሲ መነጽሩን አጥልቆ አሳየ። አፍንጫን ጭምር ይሸፍናል። የመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ በጥርስ ይነከሳል፤ አየር የሚገባውም የሚወጣውም በአፍ ነው። እትዬ ወሰንየለሽ በጥሞና ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አፌን ከዘጋብኝ በምኔ ልይዘው ነው?»

ሐሚሲ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ረጅም ታሪክ ነው አልኩት።

በመሰላሉ ወረዱ። ውኃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ አማተቡ። ፊታቸውን ነከሩ። ወዲያው በቱቦው ውስጥ ታፍኖ የወጣ ጩኸት ሰማሁ፤ እጆቻቸው መሰላሉን ፍለጋ ውኃውን መቱት። ሐሚሲና እኔ ጎትተን አወጣናቸው። መነጽሩን ሳወልቅላቸው ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል፣ ጀልባው ዞረብኝ ይላሉ።

«ምን በልተዋል?» አለ ሐሚሲ።

ጠየቅኳቸው።

«ከትናንት ማታ ወዲህ ምንም አልቀመስኩም።»

«ለምን እትዬ?»

«ምነው ልጄ፣ ውኃ ልገባ አይደል እንዴ? እህል ቀምሶ ውኃ ይገባል?»

ያኔ ገባኝ። እትዬ ወሰንየለሽ በሕይወታቸው ሙሉ ሰውነታቸውን የነከሩበት ውኃ ጠበል ብቻ ነው። ጠበል ደግሞ የሚገባው ጾም ውሎ፣ ጫማ ወልቆ፣ ልብ ተሰብስቦ ነው። የሕንድ ውቅያኖስንም በዚሁ ክብር ነበር የተቀበሉት። ለሐሚሲ አስረዳሁት። አልሳቀም፤ ጥቂት አሰበ።

«እኛም በረመዳን ጀልባ ላይ እንውላለን» አለ። «ግን የጾመ ሰው ውኃ ውስጥ አናስገባም። ይሄ ባሕር ቁርስ ይፈቅዳል በላቸው» ብሎ ሙዝ ልጦ ዘረጋላቸው።

ተረጎምኩ። እትዬ ወሰንየለሽ ሙዙን አዩት፣ ሐሚሲን አዩት።

«ይፈቅዳል?»

«ይፈቅዳል ብሏል።»

ሙዙን በሉ። ሌላ ጨመሩ። ቻፓቲውንም አጠፉት። ፊታቸው ቀለሙ ተመለሰ። «ይሄን ስነግረው በሳቅ ይሞታል» አሉ። ከመሰላሉ በኩል ግን ዓይናቸውን አሽሽተው ነበር።

ሐሚሲ ውኃውን ተመለከተና ባሕሩ መሸሽ ሊጀምር ነው አለ። ያን ጊዜ ውኃው ስለሚጎድል ጀልባዋ ኮራል በሚባለው ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት ላይ መቆም አትችልም፤ እንመለሳለን። መግባት የሚፈልግ አሁን ይግባ።

«እትዬ፣ ጋሽ ኃይለመስቀልም ካልቻልሽ አልቻልኩም በይኝ ብለዋል እኮ» አልኩ። «ሐሚሲ ውኃ ውስጥ የሚቀርጽ ካሜራ አለው። ቪዲዮውን እናሳያቸዋለን።»

«ቪዲዮውንማ ማንም ያሳየዋል። ያው ቴሌቪዥን ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ረሀቡ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «ውኃ መስሎኝ ነበር ልጄ። ውኃ የለም እኮ! ባዶ ነው። መሬቱ ከታች ወለል ብሎ ይታያል፣ እኔ ከላይ ነኝ። መያዣ የለኝም። እሱ እንዲህ ነው የወደቀው አልኩ።»

ያለኝ ሥራ ማስተርጎም ብቻ ስለነበር ለሐሚሲ ተረጎምኩለት፤ የባለቤታቸውን ነገር፣ የዛፉን ነገር፣ ማታ ማታ የሚነገረውን ነገር። ሐሚሲ ወደ ጀልባዋ ጭራ ሄዶ ነጭ የመንሳፈፊያ ቀለበት አመጣ። ረጅም ገመድ ታስሮበታል። ገመዱን እጃቸው ላይ አደረገው።

«ባለቤትዎ ዛፍ ሲወጡ ገመድ ይይዙ አልነበር? ይኸው። እርስዎ ቀለበቱን ይያዙ፣ ገመዱን እኔ እይዛለሁ።»

እትዬ ወሰንየለሽ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። አንዴ ጎተቱት። እንደገና ጎተቱት። ከዚያ መነጽሩን ራሳቸው አጠለቁ።

አብሬያቸው ገባሁ። ፊታቸውን ከነከሩ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀለበቱን የያዙት እጆች ደርቀው ቀሩ። ሐሚሲ ቀስ እያለ እየዋኘ ይጎትታቸዋል። ከታቻችን ኮራሉ ተዘርግቷል። አንዱ እንደ ጃንጥላ፣ አንዱ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ፣ አንዱ እርጥብ ግንድ ላይ እንደሚወጣ እንጉዳይ። ቢጫ ዓሦች በአንድነት ሄደው በአንድነት ይዞራሉ፤ ማን አዞራችሁ ብዬ መጠየቅ አማረኝ። በዚህ መካከል እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ሁም፣ ሁም፣ ሁም ይላል። ከእትዬ ወሰንየለሽ ቱቦ ነው የሚወጣው። ቱቦውን ነክሰው፣ ያዩትን ለጋሽ ኃይለመስቀል እየያዙ ነበር። አንድ እጃቸው ቀለበቱን ለቆ ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ እንደገና ያጥፋሉ።

ሐሚሲ ይበቃል ቢል አልሰሙም። ትከሻቸውን ቢነካ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ገመዱን ሰብስቦ ነው ወደ ጀልባው የመለሳቸው።

ሲወጡ የመነጽሩ ምልክት ፊታቸው ዙሪያ ክብ ሠርቶ ነበር። እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቅ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። እስከ ዳር ድረስ ከንፈራቸው ሲሠራ ሐሚሲ በአክብሮት ቀስ ብሎ ጀልባውን ነዳ። አሸዋው ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«ድሮ ከዛፍ ወርዶ ሲመጣ ጫካው ከላይ ሲታይ ሌላ ነው ይለኝ ነበር። እንዴት ሌላ ነው ስለው ወጥቶ ላላየ ሰው አይነገርም ይለኛል። እልህ ይይዘኝ ነበር።» የእርጥብ ቀሚሳቸውን ጫፍ ጨመቁ። «ዛሬ ከላይ ሆኜ አየሁት። ቅርንጫፍ አለ፣ ቅጠል የሚመስል አለ፣ ዓሣው እንደ ወፍ በመሀሉ ይገባል ይወጣል። እኔ ከሁሉ በላይ ነኝ። አልወደቅኩም።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን ላንቺ አልነግርሽም።»

ቦንጋ ገብተን ከመኪና እንደወረድን ማረፍ አልፈለጉም። ባጃጅ ይዘን መንገዱ እስከሚያስኬደን ድረስ ሸኘኋቸው። ዘንቦ አባርቶ ነበር፤ ዛፎቹ ገና ያንጠባጥባሉ። ሻንጣቸውን ላወርድላቸው ስል ስልኬ ጮኸ። ሐሚሲ የቀረጸውን ቪዲዮ ልኮልኛል። ከፍቼ አሳየኋቸው። ቀለበቱ ይታያል፣ ቀሚሳቸው ውኃው ውስጥ እንደ አበባ ተከፍቷል፣ ጣታቸው ይታጠፋል።

«አብሬዎት ልግባና ላሳያቸው?»

ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት።

«ነገ ነይ። ወይ ከነገ ወዲያ። ነግሬው ልጨርስ፣ ከዚያ ታሳዪዋለሽ፤ አለመዋሸቴን ያይበታል። ዛሬ ግን አትቅደሚኝ።»

«መጀመሪያ ጮኸው መውጣትዎንስ ይነግሯቸዋል?»

«ብደብቀው የሚቀርልኝ ይመስልሻል? ያንኑ ጉሬዛ ያመጣብኛል።»

«ሙዙንስ?»

«ከሙዙ ነው የምጀምረው» አሉ፤ ሳቁና ሁለት ጊዜ ሳሙኝ። «በይ ተመለሺ፤ ሊመሽብሽ ነው።»

ሻንጣቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቀጭኑን መንገድ ያዙ። ከኋላ ስለሆንኩ ከንፈራቸውን ማየት አልቻልኩም፤ ባየውም በካፊኖኖ ስለሆነ አይገባኝም። ባዶ የሆነው እጃቸው ግን ከጎናቸው ይታየኛል፤ አውራ ጣት ታጠፈ፣ ሌባ ጣት ታጠፈ። መታጠፊያው ላይ ያለው ትልቅ ዛፍ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የረሱት ነገር ያለ መሰለኝ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ እንደነከረ ሰው መሬቱን ለጥቂት ጊዜ አዩ። ከዚያ ሌላም የሚነገር ነገር እንዳገኙ ሁሉ አንድ ጣት ዘርግተው፣ መልሰው አጥፈው፣ እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው ወደ ቤታቸው ታጠፉ።