«ወርቅነሽ ማናት?»

ትናንት ከሰዓት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ላነሳ ስል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሰኢድ ናቸው... በቅርቡ ለወርቅ ቤታቸው ዌብሳይት የሠራሁላቸው ሰውዬ።

«ልጄ፣ የያዝከውን ጥለህ ና! ትዳሬን ልታፈርስብኝ ነው እንዴ?»

እኔ? በሰው ትዳር ምን አገባኝ? ማኪያቶዬን ሳልቀምሰው ሮጥኩ።

ሱቁ ስደርስ ጋሽ ሰኢድ ባንኮኒው ጋ አቀርቅረው አንዲት ቀለበት ይወለውላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ስልካቸውን አፍንጫዬ ላይ ደቀኑት።

«ወርቅነሽ ማናት?»

«ማን?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? የጻፍከው አንተ!»

አየሁት። የሠራሁት ዌብሳይት ተከፍቶ አንድ የአንገት ሀብል ሥዕል ላይ በትልቁ «ወርቅነሽ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ላንቺ የተሠራ»። ክው አልኩ። እኔ የጻፍኩት እኮ «ወርቅ ነሽ» ነው! ለሴት ደንበኛ ሁሉ ሙገሳ ይሆናል ብዬ...

ላፕቶፔን ከፈትኩ። እሱ ላይ «ወርቅ ነሽ» ይላል። የእሳቸው ስልክ ላይ «ወርቅነሽ»። ያው ገጽ፣ ያው ፋይል! ግራ ገባኝ። ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ደግሜ አየሁ... ያው ነው።

«እኔ እንኳን ይኼን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ሀብል አልሠራልኝም» አሉ እትዬ ሐዋ፣ እንባቸው መጣ። አንጀቴን በሉት።

ስፈታታ ቆይቼ ነው የገባኝ። ጽሑፉ ፎቶ አይደለም፣ ፊደሉን የሚስለው ስልኩ ራሱ ነው። ቃላቱ የተራራቁ ስለመሰለኝ የቃላት ክፍተቱን ከዜሮ በታች አውርጄ አቀራርቤያቸው ነበር። የእትዬ ሐዋ ስልክ ፎንቱ ሌላ ነው፣ ስፔሱ ድሮውንም ጠባብ። እኔ ስቀንስበት ጭራሽ ጠፋ።

የክፍተቱን ቁጥር ዜሮ አድርጌ፣ «ስፔስ ጠፍቶ ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም» ብዬ ገጹን እንደገና አስከፈትኳቸው። «ወርቅ ነሽ»። ደጋግመው አነበቡት፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

«ስፔስ ነው እንዴ እንዲህ ያስለቀሰኝ? በል አፉ በለኝ» ብለው የባላቸውን ትከሻ መታ አድርገው ወጡ። እፎይ አልኩ።

ጋሽ ሰኢድ ሚስታቸው እስኪርቁ ጠብቀው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«ልጄ፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ... ስሟን ማን ነገረህ?»

ስፔስ ነው ስል ሚስታቸው አምነውኛል... እሳቸው ግን እስካሁን አላመኑኝም!