የአዴ አያንቱ ከንፈርና የእኔ ቁጥር

ነቀምቴ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ መቀስና ያልተቆራረጠ ጉርድ ፎቶ ሰጡኝ። «ጆሮ እንዳትቆርጪ» አሉኝ። «ጆሮ የሌለው ፎቶ ለመታወቂያ አይቀበሉትም።» ያን ቀን ጆሮ አልቆረጥኩም። ለብዙ ዓመት ሥራዬ ይኸው ነበር።

ኮምፒዩተር ሲገባ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ተማርኩ። ፕሮግራሙ ላይ የክሊፕ ፍጥነት የሚቀየርበት ሳጥን አለ፤ ውስጡ መቶ ተጽፏል፤ መደበኛው ፍጥነት ማለት ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መቶውን ሃምሳ አደረግኩት። የተወረወረው አበባ አየር ላይ ቆየ። ሁለት መቶ ሳደርገው የሚዜዎቹ ዘፈን የጫጩት ጫጫታ ሆነ። ምሳዬን ሳልበላ ሰዓቱ አለፈ።

አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ የሆኑት ኦቦ ታደሰ መጡ።

«የአዲስ አበባዎቹ ክሊፕ ላይ ልብሱ በቀስታ ይወዛወዛል፤ ከንፈሩ ግን ከመዝሙሩ ጋር ይሄዳል። እናንተ ትችላላችሁ ወይስ እዚያው እንሂድ?»

ኦቦ ገመቹ እኔን አዩ። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ ማወቅ ግን ፈለግኩ። «ሦስት ቀን ስጡኝ» አልኩ።

ምስሉ ሲዘገይ ከንፈሩም ይዘገያል። ስለዚህ በቀረጻ ጊዜ ከንፈሩ አስቀድሞ መፍጠን አለበት። ዘዴው መዝሙሩን በስፒከር አፍጥኖ ማጫወትና ዘማሪዎቹ እሱን እንዲከተሉ ማድረግ ነው። እጥፍ አፍጥኜ መስታወት ፊት ሞከርኩት፤ አፌ አልደረሰበትም። መቶ ሃያ አምስት ላይ ደረስኩበት።

ቀረጻው አኖ ከተማ አጠገብ መስክ ላይ ነበር። ሲዘገይ እንዳይቆራረጥ ካሜራው በሰከንድ ሃምሳ ፍሬም፣ ማለትም ሃምሳ ምስል፣ እንዲቀርጽ ተደረገ። መዝሙሩ ቀጥኖና ተጣድፎ ሲወጣ ዘማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ ከፊት የቆሙት አዴ አያንቱ፣ «ማሎ፣ እባካችሁ! ጌታን እያመሰገንን ነው ወይስ እያሳደድን?» አሉ።

ተመልሼ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀመጥኩና ያልተፋጠነውን መዝሙር ከምስሉ ጋር አስገባሁ። ሃያ አምስት ስለጨመርኩ ሃያ አምስት ቀነስኩና ሰባ አምስት ጻፍኩ። መጀመሪያው ገጠመ። ወደ መጨረሻው ግን መዝሙሩ አልቆ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር።

ኦቦ ታደሰ አይተው «ማነው ወደኋላ የቀረው?» አሉ። በጉልህ የሚታዩት አዴ አያንቱ ነበሩ። «እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም» አልኩ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ኦቦ ታደሰ ሴትዮዋን በሰው ሁሉ ፊት «ዘግይተው አበላሹብን፤ ከእንግዲህ ከኋላ ይቁሙ» አሏቸው። አዴ አያንቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ቀሩ።

መቅረታቸውን ስሰማ ክሊፑን እንደገና ከፈትኩት። አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። እሳቸው ቢዘገዩ ሌሎቹ ለምን እኩል ይዘገያሉ?

ወረቀት አወጣሁ። መዝሙሩ አምስት ደቂቃ ነው። በስፒከር ፈጥኖ ሲጫወት አራት ደቂቃ ፈጅቷል። እኔ ያዘገየሁት ክሊፕ ግን አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆኗል። የሚያስፈልገው አራቱ አምስት እንዲሆን ነው። አራት ለአምስት ሲካፈል ከመቶ ሰማንያ ነው። ሰማንያ ጻፍኩ። እስከ መጨረሻው ገጠመ። አዴ አያንቱ አንድም ቃል አልሳቱም ነበር።

ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው።

«ኮምፒዩተሩ ነው የተሳሳተው በያቸው፤ ማን ያውቃል?»

«ኮምፒዩተሩ የጻፍኩለትን ነው የሠራው» አልኩ።

ኦቦ ታደሰን አዴ አያንቱን ወደ ልምምድ እንዲያስጠሩልኝ ለመንኳቸው። በሰው ፊት የተባለ በሰው ፊት መመለስ ነበረበት። ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩና ዘማሪዎቹ ፊት ቆምኩ። «የተሳሳተው ቁጥሩ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውን የወነጀልኩትም እኔ ነኝ።» ኦቦ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ይቅርታ፣ አዴ» አሉ።

አዴ አያንቱ መነጽራቸውን አድርገው ክሊፑን እስከ መጨረሻው አዩት።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ያለ ጥርስ ደርሻለሁ። አንቺን በሙሉ ጥርስሽ ምን አዘገየሽ?»

ዘማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ተነሥተው ከፊት ቆሙ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፦ ፍጥነት ከመቀየራችሁ በፊት ክሊፑ ያለውን ርዝመትና ሊኖረው የሚገባውን ርዝመት ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉና በመቶ አባዙ፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈው ያ ነው። ከንፈር ከድምፅ ከተለየ መጀመሪያ ይህን ስሌት ፈትሹ። እስክትፈትሹ ድረስ የሰው ስም አትጥሩ።